«የዛሬ ጋዜጠኛ» ከማለታችሁ በፊት መኪናው የት እንደዋለ ጠይቁ

ከሁለት ሳምንት በፊት ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ዜና ክፍል እንደሠራሁ ሰው ነግሯቸዋል። ገና ሻይ ሳይዞር ጀመሩኝ። «ልጄ፣ እናንተ ምን ነካችሁ? የድሮ ጋዜጠኛ እኮ ሲናገር ሰው ቀጥ ብሎ ይሰማል። የዛሬው ምን እንደሚል እንኳ አይገባኝም።» ከጎናቸው ያሉት ተቀበሉ። ከዚያ ሌላው። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ በሙሉ ስለ ቴሌቪዥን ዜና ያወራ ነበር።

ይሄ በታክሲም በሠርግም በፀጉር ቤትም ይገጥመኛል። በቅሬታው አልናደድም። ዜናው ወርዷል። እኔ ራሴ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከፍቼው ግማሹን ሳልጨርስ የምዘጋበት ቀን ብዙ ነው። የሚያናድደኝ የሚሰጠው ምክንያት ነው። ሁሉም ሰው ምክንያቱን አውቃለሁ ይላል፤ የሚለው ግን አብዛኛው ስህተት ነው። በሽታውን ከሳትን መድኃኒቱንም እንስታለን። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ። አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። አንዱ ላይ ግን ብዙ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

«ድሮ ዜና ዜና ነበር»

ድሮ ምን ነበር የሚታየው? ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል። ወሎ በ1965 እና በ1966 በረሃብ ሲያልቅ ቴሌቪዥናችን ዝም ብሎ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ሄዶ ቀርጾ ለአገሩ ሰው አሳየ። የአዲስ አበባ ተመልካች ያንን ረሃብ በቴሌቪዥኑ ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። ደርግ የተራቡትን ሰዎች ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አቀረበው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ልብ በሉ። ረሃቡ የታየው ሰው ማወቅ አለበት ተብሎ አይደለም። ለሥልጣን ባለተራው ስለጠቀመ ነው።

ከዚያ 1977 መጣ። አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብርና ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ሲመሠረት የቀለም ቴሌቪዥን ጀመረ። ሰልፉ በቀለም ታየ። ሰሜኑ ግን እየተራበ ነበር። በዓሉ ካለፈ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የቢቢሲው ማይክል በርክ እና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያወጡት ዜና ዓለምን አስለቀሰ። ኮረም የእኛ ናት። ካሜራው ግን የእኛ አልነበረም። ይሄ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ያመኛል።

የቀደሙትን ባለሙያዎች ማሳነሴ አይደለም። በአንድ ነገር በጣም ይበልጡናል፤ በቋንቋ። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይተው ያነቡ ነበር። ዛሬ «ይሰማል» ሲባል ሰውየው ነው የሚሰማው ወይስ ድምፁ ነው የሚሰማው፣ «አለ» ሲባል ነገሩ መኖሩ ነው ወይስ ሰውየው መናገሩ፣ ከአነባበቡ መለየት የሚያቅትበት ጊዜ አለ። በዚህ ላይ ድንኳን ውስጥ ያገኘኋቸው አባት ልክ ናቸው። ግን እዚህም ላይ ጥፋቱን የሚጥሉት ያለ ቦታው ነው።

«አንባቢዋ ናት ያበላሸችው»

ዜናው ከእሷ እጅ የሚደርሰው ስቱዲዮ ልትገባ ስትል ነው። አንዳንዴ የመጨረሻው ገጽ የሚመጣው የመጀመሪያውን እያነበበች ነው። አንዴም ድምፅ አውጥቶ ያላነበበውን ጽሑፍ በቀጥታ ስርጭት አጥብቆና አላልቶ ማንበብ ለማንም ከባድ ነው።

«ስቱዲዮው ዘመናዊ ቢሆን…»

ሆነ እኮ። ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ያላቸው ጣቢያዎች አሉ። እዚያ ስክሪን ላይ ማታ ማታ የሚታየው ግን ያው የስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ተለቀ እንጂ አልተለወጠም። በዚያ ገንዘብ ሪፖርተር የሚያደርስ ሁለት መኪና ቢገዛ ኖሮ ስንት ነገር ባየን።

«ጋዜጠኛው ሰነፍ ነው፤ ከስብሰባ ስብሰባ ይዞራል»

እዚህ ጋ ነው የምቆየው። ይሄ አባባል ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ ያሳስታል። አዎ፣ ዜናው ስብሰባ በስብሰባ ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃ፣ ማስታወሻ የሚይዙ ሰዎች፣ ጭብጨባ። ከዚያ ሌላ አዳራሽ፣ ሌላ ባነር። ተመልካቹም «ይሄ ልጅ ከአዳራሽ ውጭ አገር የለም መሰለው እንዴ?» ይላል። ልጁ እኮ ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ የመጣ ነው። ሽንኩርት ይገዛል። የቤት ኪራይ ተጨምሮበታል። አገሩን ከማንም አላነሰ ያውቀዋል። አዳራሽ የሚገባው መኪናው የሚወስደው እዚያ ስለሆነ ነው።

የዜና ክፍል ጠዋት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ የአርታኢው ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ፊት ለፊቱ አንድ ክላሰር አለ። በጥሪ ደብዳቤ የተሞላ ነው። «የሚዲያ ሽፋን እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል፤ ማህተምና ፊርማ አለው። ከታች ቦታውና ሰዓቱ አለ። ብዙ ጊዜ ደግሞ «ትራንስፖርት ተዘጋጅቷል» የምትል መስመር አለች። የማታውን ዜና የምትመርጠው ይህቺ መስመር ናት። አርታኢውም፣ ሪፖርተሩም፣ ሥራ አስኪያጁም ከእሷ በኋላ ነው የሚመጡት።

እኔ በሠራሁበት ጣቢያ ሪፖርተሩ ብዙ ነበር፤ መኪናው ጥቂት። አንዱ ጋራዥ ነው። አንዱን ኃላፊ ይዞት ወጥቷል። ለቀረው ነዳጅ ይፈረምበታል። የካሜራ ባለሙያው በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ይመደባል። አሁን አርታኢውን ሁኑ። በአንድ በኩል ጠዋት 3 ሰዓት የሚጀምር ስብሰባ አለ፤ መኪና ይልካሉ፣ የመክፈቻ ንግግር አለ፣ ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ ኃላፊ አለ፣ እስከ ምሳ ሪፖርተሩ ዜና ይዞ ይመለሳል። በሌላ በኩል አንዲት ሪፖርተር «ገበያ ልሂድ፣ ዋጋው ለምን እንደጨመረ ልከታተል» ትላለች። ያ መኪና ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ አንድ ቀን ሙሉ ምናልባትም ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ መጨረሻ ላይ የሚናገር ሰው ላይገኝ ይችላል። ማታ ደግሞ መሞላት ያለበት ሰዓት አለ። ሰዓቱ አይጠብቅም። እናንተስ የቱን ትመርጣላችሁ? እኔ አርታኢ ስሆን ብዙ ጊዜ የመረጥኩት ስብሰባውን ነው። ስንፍና አልነበረም። ባዶ ዜና ይዞ 2 ሰዓት ላይ መድረስን መፍራት ነው።

ሌላም አለ። ስብሰባው ሲያልቅ ሪፖርተሩና የካሜራ ባለሙያው ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፤ «የትራንስፖርት» ተብሎ ፖስታ ይሰጣቸዋል። በተጋበዙበት መኪና ሄደው የትራንስፖርት ይቀበላሉ። ተመልካች ይሄን ሲሰማ «ጉቦ ነው» ይላል። እኔም ተቀብያለሁ፤ አልክድም። የወር ደመወዝ ከቤት ኪራይ በማይተርፍበት ሙያ ውስጥ ያቺ ፖስታ የልጅ ወተት ናት። ነገር ግን ፖስታውን የተቀበለ ሰው ማታ ሲጽፍ «ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ» ብሎ አይጽፍም። ማንም አላዘዘውም። እጁ ራሱ አይሄድለትም። እኔ ላይ ስለደረሰ ነው የማውቀው።

ከአዲስ አበባ ስትወጡ ይብሳል። ክልል ያለ ዘጋቢ ብዙ ጊዜ የራሱ መኪና የለውም። ገጠር ወርዶ መስክ ማየት ከፈለገ መኪናውን የሚለምነው ከዚያው ከአካባቢው መሥሪያ ቤት ነው። መኪናውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥሩ የሆነው ማሳ ጋ ይወስደዋል። የደረቀው ማሳ በሌላ መንገድ ነው ያለው። ዘጋቢው ዋሽቶ አይደለም። ያየው እውነት ነው። ያላየው ግን አይታይም።

አሁን ቋንቋው ለምን እንደሚጠላ ይገባችኋል። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመለከተ»፣ «አሳሰቡ»፣ «አስገነዘቡ»። ሰው «አማርኛቸው ደነዘዘ» ይላል። አማርኛው የደነዘዘው ሪፖርተሩ ያየው ነገር ስለሌለ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚታይ ነገር ስለሌለ፣ ሰዎች ሲናገሩ ብቻ ስለሚሰማ፣ ግሶቹ በሙሉ የመናገር ግሶች ሆኑ። «የምርት አቅርቦት እጥረት በሸማቹ ላይ ጫና እያሳደረ መሆኑ ተገለጸ» የሚል ሰው አዳራሽ ነበር። ገበያ የዋለ ሰው «ትናንት አንድ ኪሎ የገዛችበት ብር ዛሬ ግማሽ ኪሎ ብቻ ገዛላት» ይላል። የአማርኛ ስልጠና ይህን አያስተካክለውም። ስልጠናውም ራሱ አዳራሽ ውስጥ ነው።

አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ሽንኩርት ተሰቀለ። ሰው ሁሉ ያማርራል፤ የእኛ ዜና ግን «ሰው ሠራሽ እጥረት የሚፈጥሩ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ እንደሚወሰድ ተገለጸ» እያለ ነው። እኔ ሌሊት አትክልት ተራ ልሂድ ብዬ ጠየቅሁ። ገበያው ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄዷል፤ ሩቅ ነው፤ የሚደራው ደግሞ ሌሊት ነው። አርታኢው «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለኝ። መኪና ግን የለም። በሳምንቱ ደግሜ ጠየቅሁ። የለም። በሦስተኛው አንድ ወጣት የካሜራ ባለሙያ «በራይድ እንሂድ፣ እናዋጣለን» አለኝ። ሄድን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ደረስን።

ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። አንድ ጆንያ ሽንኩርት መረጥን፤ እሱን ተከተልን። ከአይሱዙ ሲወርድ ሹፌሩን ስንት እንደተገዛ ጠየቅን። ደላላው ጋ ጠየቅን። ጅምላ ወሳጁ ጋ ጠየቅን። ከዚያ ጆንያው በፒካፕ ተጭኖ ሲሄድ ከኋላው ሄድን፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ሰፈር ጉሊት ደረሰ። በየእጁ ዋጋው እንዴት እንደተቀየረ ሁሉም ካሜራው ፊት በአፋቸው ተናገሩ። ሦስት ደቂቃ ዜና ሆነ። አንድም «ተገለጸ» የለውም። መጻፍ ሁሉ አላስቸገረኝም፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

በማግስቱ የጣቢያው ስልክ አላርፍ አለ። አንዲት ጉሊት የምትቸረችር ሴት ደውላ «ሰው ሌባ ሲለኝ ነው የኖረው፤ እኔ ስንት እንደምገዛው አሁን ገባቸው» አለች። ካሜራ ሲመጣ ኖሮም ሁልጊዜ ከሳሽ ይዞ ነበር የሚመጣው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ምሳ አልበላሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዘይት ልሥራ ብዬ ጠየቅሁ። መኪና የለም ተባልኩ። አሁን በራይድ አልሄድኩም፤ የመጀመሪያውን ራይድ ብርም ገና አልከፈሉኝም ነበር። ክላሰሩ ተከፈተ፤ አንድ ሆቴል ወርክሾፕ ሄድኩ።

እና ሰነፍ ስትሉን ይሄ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

«ሰው ዜና አይፈልግም፤ ድራማ ነው የሚፈልገው»

ይሄን የሚሉት ተመልካቾች አይደሉም፤ የጣቢያ ኃላፊዎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ቃና የሚባለው ጣቢያ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ይሄ አባባል የእያንዳንዱ ስብሰባ መክፈቻ ሆነ። ስህተት ነው። የእኛ ሰው ለዜና የተጠማ ነው። አባቶቻችን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በሚንጫረር ሞገድ ቪኦኤንና ዶይቼ ቬለን ለአስርተ ዓመታት ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። ኢሳት በሳተላይት ሲመጣና ሞገዱ ሲታፈን ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያዞር ያድር ነበር። በመጋቢት 2017 ቪኦኤ ሲቋረጥ ሰፈሬ ያሉ ሽማግሌዎች እንደ ዘመድ ሞት ነው ያወሩት። ይሄ ሕዝብ ዜና ጠላ አይባልም። እኛ ያቀረብነውን ነው የጠላው።

«ውጭ ያሉት ጣቢያዎች ይሻላሉ»

በድፍረት ይሻሉ ይሆናል። ግን ዋሽንግተን ወይም አምስተርዳም ያለ ስቱዲዮ ደብረ ማርቆስ ካሜራ የለውም። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ይዞ ይነጋገራል። ያ ውይይት ነው፤ ዜና አይደለም።

«ቻናሉ በዝቷል፤ አማራጭ አለ»

ሪሞቱን ይዛችሁ ሞክሩት። ማታ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሄዱ ያው አዳራሽ፣ ያው ተናጋሪ፣ ያው ጭብጨባ ነው። የካሜራው አቅጣጫ ብቻ ነው የሚለየው፤ አንዱ ከቀኝ ሌላው ከግራ ቆሞ ነበር። የጥሪ ደብዳቤው ለሁሉም ስለሚላክ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ማይኮች ላይ ያሉትን ሎጎዎች እዩ፤ ያን ቀን ስንት ጣቢያ ሌላ ቦታ እንዳልሄደ ይነግሯችኋል።

«ጣቢያዎቹ በማስታወቂያ ከብረዋል፤ ስግብግብ ሆነው ነው»

ይሄ ብዙም አይታወቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ። የግል ጣቢያዎችን ለዓመታት ይዞ የቆየው የቢራ ማስታወቂያ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከራዲዮ ከለከለ። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ልጆች ከእራት በፊት ቢራ ሲጨበጨብለት ማየት አልነበረባቸውም። ግን ያ ገንዘብ ሲሄድ የሚተካው አልመጣም። ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የሳተላይት ኪራይ በውጭ ምንዛሬ የሚታሰብ ነው። ካሜራም ሌንስም እንደዚያው።

ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን ይመስላችኋል? የመስክ ሥራ ነው። ሁለተኛ ልምድ ያለው አርታኢ ይሄዳል፤ አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት አድርጎ በተሻለ ደመወዝ ይወስደዋል። እዚያ ሆኖ ምን ይሠራል? የጥሪ ደብዳቤ ይጽፋል። ጥሩ ጥሩ ጓደኞቼ ዛሬ ያሉት ከክላሰሩ ማዶ ነው። ሦስተኛ፣ ዜና መሸጥ ይጀምራል። አንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ከፈተ፣ አንድ ሪል ስቴት ቁልፍ አስረከበ፤ እነዚህ ዜና ሰዓት ላይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ተከፍሎባቸዋል። ማስታወቂያ ማስታወቂያ ቢባል ማንንም አይጎዳም። ዜና መስሎ ሲመጣ ግን ተመልካቹን መዋሸት ነው፤ ምክንያቱ ገንዘብ ማጣት ቢሆንም አልከላከልለትም።

«ፈሪ ስለሆኑ ነው»

ይሄን ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ መናገር ቀላል ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ አለበት ይላል። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅም ብዙ መልካም ነገር አለው። ነገር ግን ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን በየዓመቱ በሚያወጣው የፕሬስ ነፃነት ደረጃ በ2020 እ.ኤ.አ. 99ኛ የነበርነው በ2024 እ.ኤ.አ. 141ኛ ሆነናል። የታሰሩ ባልደረቦችን ያየ ሰው ይጠነቀቃል። ያ ሰው ፈሪ አይባልም፤ ልጆች አሉት። ደግሞም ፍርሃት ሁሉንም አያስረዳም። ስለ ሽንኩርት መሥራት ማንም አልከለከለኝም። የከለከለኝ መኪና ነው።

«ቲክቶክ ነው ዜናን የገደለው»

ቲክቶክ የመጣው ባዶ ወደተውነው ቦታ ነው። መንገድ ላይ ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ ስልክ የያዘ ልጅ እዚያው ቆሞ ይቀርጻል፤ እኛ ማታ ስለ ጎርፍ መከላከል የተደረገ የምክክር መድረክ እናሳያለን። ሰውየው የትኛውን ይይ? ይልቅ የሚያሳዝነኝ ቴሌቪዥኑ ከቲክቶክ የወሰደው መጥፎውን መሆኑ ነው። «ሰበር ዜና» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ስለ ሹመት፣ ስለ ጨዋታ ውጤት፣ ስለ ትናንት ነገር ሁሉ ይወጣል። አንድ ቀን በእርግጥ የሚሰብር ነገር ሲመጣ ሰው ቀና ብሎም አያይ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ድንኳኑ ውስጥ ያገኘኋቸው አባትም ይሄንኑ ጠየቁኝ። የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

አንድ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ላይ «አዳራሽ»፣ ሌላው ላይ «ውጭ» ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ ዜና ሲመጣ አንድ ሰረዝ አድርጉ። ውጭ ተቀርጾ ግን ኃላፊ ሲጎበኝ የሚያሳይ ከሆነ አዳራሽ ውስጥ ቁጠሩት፤ መኪናው የእሱ ነው።

ከዚያ ደውሉ። «ዜናችሁ አይረባም» አትበሉ፤ ይሄን በየቀኑ ይሰሙታል፣ ምንም አያደርጉበትም። «ማክሰኞ ማታ ያሳያችሁት የገበያ ዜና ላይ አንድም ገበያተኛ የለም፤ ለምን?» በሉ። ቀኑን ጥቀሱ፣ ዜናውን ጥቀሱ። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ይወራል። አንዳንዴ ጠዋት ስብሰባ ላይ ይነሳል፤ አንድ ሪፖርተርም «አያችሁ? ይሄን እኮ ነው የምላችሁ» ለማለት ጉልበት ያገኛል።

ጥሩ ሲሠሩም ደውሉ። ይሄን አጥብቄ ነው የምለምናችሁ። በሠራሁበት ዘመን ለማመስገን የደወለ ሰው በጣቴ እቆጥረዋለሁ፤ የሽንኩርቱን ማታ የማልረሳውም ለዚህ ነው። ጥሩ ዜና ያየ ሰው ዝም ካለ ኃላፊው «ለውጥ የለውም» ብሎ ነዳጁን ለሌላ ይሰጠዋል።

የድርጅት ሰው ከሆናችሁ ደግሞ፣ ጋዜጠኛ ስትጋብዙ የመክፈቻ ንግግራችሁን አትላኩልን። ችግሩ ያለበትን ቦታ ንገሩን፤ እዚያ ያለውን ሰው አገናኙን። ፖስታውንም ተዉት። ለጣቢያዎች የምለው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንድ መኪና፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ሪፖርተር ከክላሰሩ ውጪ አድርጉ። ደብዳቤ የሌለበት ቦታ ይሂዱ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አትቆጧቸው።

አባት ከሦስት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። ቁጥሬን ከለቀስተኞቹ ልጅ ወስደው ነው። ቆጥረዋል። «አዳራሽ» የሚለው ረድፍ ሞልቶ ወደ ወረቀቱ ጀርባ ገልብጠዋል። «ውጭ» የሚለው ሥር ያለው የእግር ኳስ ነው። ጣቢያው ጋ ደውለው የገበያውን ዜና ማን እንዳዘጋጀው ጠይቀዋል። መጀመሪያ ማን እንደሆኑ ጠየቋቸው። «ተመልካች ነኝ» አሉ። ቆይ ብለው ስልኩን ሙዚቃ ላይ አቆዩባቸው፤ ከዚያ ተቋረጠ።

«ታዲያ ተውት?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው የሚሰበሰቡት አላልሽኝም? ነገ ልክ በዚያን ሰዓት ነው የምደውለው» አሉኝ።